ሥራው ሳይቋረጥ አካሉን መለወጥ

የመሣሪያዎችን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩልን የልደታቸውን ዜና ነው፤ ማን እንደ ፈጠረው፣ በየትኛው ከተማ እንደ ተሞከረ፣ በማን ፊት እንደ ተመረቀ በትጋት ይመዘግባሉ፤ ነገር ግን መሣሪያው ከተወለደ በኋላ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ማን እንደ ጠበቀው፣ ከብልቶቹ አንዱ ሲደክም በምን ሥርዓት እንደ ተለወጠለት፣ በሚለወጥበትም ሰዓት ጉዳያቸውን በእርሱ ላይ የጣሉት ሰዎች ምን እንደ ሆኑ እምብዛም አይነግሩንም። ስለ ራውተር የተጻፈውም እንደዚሁ ነው። የፈጣሪዎቹ ስም በየመጽሐፉ ሲወሳ፣ በሌሊት መብራት ፊቱ ቆመው ብሎኑን የፈቱት ባለሙያዎች ግን ሥርዓታቸውን ብቻ ትተውልን ስማቸውን ሳይተዉ አልፈዋል።

ራውተር ከአንዱ የኮምፒውተር መረብ ወደ ሌላው የሚተላለፈውን መልእክት አድራሻውን እያነበበ በየመንገዱ የሚያሰማራ መሣሪያ መሆኑን ዛሬ ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ራውተርና በቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቶች አዳራሽ የሚቆመው ትልቁ ራውተር በስም እንጂ በግብር አይመሳሰሉም። ትልቁ ከባድ የብረት ሳጥን ሲሆን በውስጡ ስሎት የሚባሉ ማስገቢያዎች በየረድፉ አሉት፤ በየስሎቱም ካርድ ወይም ሞጁል የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይሰካል፤ ሰሌዳዎቹም ሁሉ በስተኋላ ባክፕሌን በሚባለው የወል ሰሌዳ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ካርድ የደንበኞችን መስመር ይሸከማል፣ ሌላው የመንገዱን ካርታ ያሰላል፣ ሌላው ኃይል ያቀርባል። ከእነዚህ አንዱ በታመመ ጊዜ፣ ጎረቤቶቹ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ በእነርሱም ላይ የሚያልፈው የብዙ ሺህ ሰው መልእክት ሳይጎድል፣ የታመመውን ነቅሎ ጤነኛውን መትከል የሚቻልበት ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩ ሁለት ትምህርቶች ናቸው በስተመጨረሻ ተገናኝተው የወለዱት፤ አንደኛው መሣሪያው ከቶ አይቁም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው መሣሪያው ይቁም፤ መልእክቱ ግን ዞሮ ይሂድ የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የስልክ ሰዎች ትምህርት ነው። በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ የቀብር ማስፈጸም ሥራ ያካሂድ የነበረው አልሞን ስትራውጀር በመጋቢት 1891 ያለ ሰው እጅ ስልክን ከስልክ የሚያገናኝ መሣሪያ ባለቤትነቱን አስመዘገበ፤ በኅዳር 1892ም ላፖርት በምትባል የኢንዲያና ከተማ የመጀመሪያው አውቶማቲክ የስልክ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የተፎካካሪው ቀባሪ ሚስት በማዞሪያው ላይ ተቀምጣ የእርሱን ደንበኞች ወደ ባሏ ስትመራበት ተናዶ ነው የፈለሰፈው ይባላል፤ እውነትም ይሁን ተረት፣ ወሬው ስለሚጥም የስልክ ታሪክ የሚናገር ሁሉ ሳይደግመው አያልፍም። ከስትራውጀር ሐሳብ የተወለደው መራጭ መሣሪያ ክንዱን እስከ ዐሥር እርከን ወደ ላይ አንሥቶ፣ በየእርከኑም እስከ ዐሥር ነጥብ ወደ ጎን እያዞረ፣ ከመቶ መስመሮች አንዱን የሚነካ ነበር። በአንድ ትልቅ ጣቢያ እንዲህ ያሉት መራጮች በሺህ ይቆጠሩ ስለ ነበር፣ ቀንና ሌሊት የብረት ኳኳታ ከማይለየው ከዚያ አዳራሽ ውስጥ በየዕለቱ አንዱ ክንዱ ይዝላል፣ አንዱ ነጥቡ ይዝጋል፣ አንዱ ቅባቱ ይደርቃል።

እንግዲህ ጣቢያውን ዘግቶ መጠገን የማይታሰብ ነው። ሐኪም የሚጠራ፣ እሳት አደጋ የሚጠራ፣ የባቡር ሰዓት የሚጠይቅ ሰው በየደቂቃው አለ። የስልክ ሰዎች ያወጡት ሥርዓት ታዲያ ይህ ነበር፦ መራጮቹ አንድ በአንድ በየመደርደሪያቸው ላይ ሽቦ ሳይፈታ ተነሥተው እንዲቀመጡ ሆነው ተሠሩ፤ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በ1930ዎቹ ያወጣው 2000 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ለዚህ የተመቸ ነበር። ጠጋኙም መራጩን ከማንሣቱ በፊት መስመሩ ተይዟል የሚል ምልክት ያደርግበታል፤ አዲስ ጥሪም ይህን ባየ ጊዜ አልፎት ወደ ባልንጀራው ይሄዳል። ቀጥሎም በዚያ መራጭ ላይ የተጀመረ ንግግር ካለ እስኪያልቅ ይታገሣል። ከዚያ በኋላ ብቻ ያነሣዋል፣ ይወለውለዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ይፈትነዋል፤ ከመለሰውም በኋላ ምልክቱን ያነሣለታል። በማኅሌት ሌሊት አንዱ ደብተራ ሲደክም ዜማው ሳይጎድል መቋሚያውንና ጸናጽሉን ለባልንጀራው አስረክቦ እንደሚያርፍ፣ መራጩም ማኅበሩ ሳይፈርስ ከማኅበሩ ይወጣና ይመለስ ነበር። አስቀድሞ ከአዲስ ሥራ መከልከል፣ የተጀመረውን ማስጨረስ፣ ቀጥሎ ማንሣት፣ ፈትኖም መመለስ የሚለው ይህ የአራት ነገር ሥርዓት ከብረት ክንድ ዘመን ወደ ሲሊከን ዘመን ሲሻገር ቅደም ተከተሉ አልተናወጠም፤ እኔም በዘመናችን መመሪያዎች ሁሉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ መሠረታዊ አሳብ አላየሁም።

የስልክ ሰዎች ትምህርት ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው ግን በኒው ጀርሲ በምትገኘው ሱካሱና መንደር በግንቦት 1965 ሥራ በጀመረው በመጀመሪያው የቤል ኩባንያ ትልቅ ኤሌክትሮኒክ ጣቢያ ነው። ንድፉን ያወጡት መሐንዲሶች በአርባ ዓመት ውስጥ ጣቢያው ከሁለት ሰዓት በላይ ከሥራ እንዳይስተጓጎል ለራሳቸው ሕግ አወጡ። አንድ አእምሮ ለዚህ ተስፋ እንደማይበቃ ያውቁ ስለ ነበር ለጣቢያው ሁለት አእምሮ ሰጡት፤ ሁለቱም አንዱን ስሌት በአንድ ጊዜ ያሰላሉ፤ ውጤታቸውም በየእርምጃው ይመሳከራል፤ በተለያዩ ጊዜ ጣቢያው ራሱን መርምሮ የተሳሳተውን ያገልላል፤ በጽሕፈት መሣሪያም ላይ አንድ የቁጥር ተርታ ያትማል። ጠጋኙም በእጁ ያለውን ወፍራም የብልሽት መዝገብ ገልጦ ያንን ቁጥር ይፈልጋል፤ መዝገቡም የትኛው ሰሌዳ ተነቅሎ በየትኛው መተካት እንዳለበት ይነግረዋል። ሕመሙን የመለየት ጥበብ ከጠጋኙ ጆሮና ጣት ተወስዶ ለመሣሪያው ተሰጠ፤ ለሰውየው የቀረው የነቀላውና የተከላው ሥራ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት የተነሣው ከሌላ ሥጋት ነው። ራንድ በተባለው የጥናት ተቋም የሚሠራው ፖል ባራን፣ በኒውክሌር ጦርነት ጊዜ የስልክ ጣቢያዎች ቢደመሰሱ የሀገር መሪ ከጦሩ ጋር እንዴት ይነጋገራል የሚለውን ጥያቄ ሲያሰላስል ቆይቶ፣ ሐተታውን በ1964 በተከታታይ ጥራዞች አወጣ። አሳቡ በአጭሩ ሲነገር፣ እያንዳንዱን ጣቢያ የማይሞት ለማድረግ ከመድከም ይልቅ ብዙ ርካሽ ጣቢያዎችን በብዙ መንገድ አገናኝቶ፣ መልእክቱንም ቆራርሶ መላክ ይሻላል፤ አንዱ ጣቢያ ቢጠፋ ቁርጥራጩ በሌላው ዞሮ ይደርሳልና የሚል ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት የመሣሪያ መሞት የመረብ መሞት አይደለም። ስለዚህም መሣሪያውን ሳያቆሙ ሞጁልን የመለወጥ ጭንቀት ለባራን ተከታዮች እንግዳ ነገር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ትምህርት የበኩር ልጅ ቦልት፣ በራኔክና ኒውማን የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ የሠራው አይምፕ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ የዛሬው ራውተር አያት እርሱ ነው። ሃኒዌል ዲዲፒ 516 የተባለውን ኮምፒውተር ለጦር ሠራዊት በሚሆን ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አድርገው፣ ከ400 ኪሎ የማያንሰውን ያንን ጓዝ በነሐሴ 1969 መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አደረሱት፤ በጥቅምት 29ም ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከተላከው የመጀመሪያ ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ደርሶ፣ የተቀባዩ ኮምፒውተር ወደቀ። ሥራውን የመራው ፍራንክ ኸርት ሣጥኑን ያን ያህል ያጠነከረው ከቦምብ ይልቅ የተማሪዎችን እጅ ፈርቶ ነበር፤ ወጣት ሊቃውንት ክዳን ከፍተው ሳይነካኩ እንደማያልፉ ያውቅ ነበርና። ኩባንያው በካምብሪጅ ባቋቋመው የመቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጡትም ሰዎች መረቡን ሁሉ ከሩቅ ይመለከቱ ስለ ነበር፣ አንዳንድ ጊዜ የስልክ ኩባንያው ራሱ ሳያውቅ የመስመሩን መበላሸት እነርሱ ቀድመው ይነግሩት ነበር። አይምፕ ራሱ ቢታመም ግን ይጠፋል፣ ይከፈታል፣ ይጠገናል፣ ይነሣል፤ እስከዚያው መረቡ ዙሪያውን ይሄዳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ይኸው ኩባንያ ፕሉሪበስ የተባለውን፣ በርከት ያሉ አንጎሎች በአንድነት የሚሠሩበትን መሣሪያ አወጣ፤ ሶፍትዌሩም የትኛው ክፍል እንዳለና እንደሌለ ዘወትር እየቈጠረ ባለው ብቻ ሥራውን ይቀጥል ነበር። በዚያው ዘመን በ1974 የተመሠረተው ታንደም የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ለባንክ ሥራ ሲል ኃይሉ ሳይጠፋ ክፍሉ የሚለወጥ ኮምፒውተር ሠርቶ በ1976 ለገበያ አቀረበ። እነዚህ ሁለቱ ግን ውድና ብርቅ ስለ ነበሩ አብዛኛው የመረብ ሰው በዝና ብቻ ያውቃቸው ነበር።

በታኅሣሥ 1984 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ሌናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር የተባሉ ባልና ሚስት ሲስኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1986ም ኤጂኤስ የሚባለው ራውተራቸው መሸጥ ጀመረ። ይህ ራውተር የባራን ትምህርት ንጹሕ ልጅ ነው። ካርዶቹ የሚሰኩበት የወል ሰሌዳ በዘመኑ ለኮምፒውተር ይሠራበት የነበረ መልቲባስ የሚሉት ስለ ሆነ፣ ኃይል እያለበት ካርድ መንቀል ለካርዱም ለሳጥኑም ጥፋት ነው። አንዱ ካርድ እንዲለወጥ ራውተሩ በሙሉ ይጠፋል፤ በእርሱም ላይ የተንጠለጠለው ሰው ሁሉ ይጠብቃል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይህ ብዙ አያስከፋም፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ሌሊት መጥቶ ያጠፋል፣ ይለውጣል፣ ያበራል፣ ተነሥቶ እስኪያበቃም ቡናውን ይጠጣል።

የባራን ትምህርት ያላሰበው ነገር ግን የመረቡን ዳር ነው። መሀል ላይ ያለ ጣቢያ ቢጠፋ በዙሪያው መንገድ አለ፤ በዳር የተቀመጠ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ አየር መንገድ ግን የሚገናኘው ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ከአንድ ራውተር ጋር ነው፤ ያ ራውተር ሲጠፋ ለእርሱ ዞሮ የሚሄድበት መንገድ የለም። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ገበያ ሲገባ፣ በአንድ ሣጥን ላይ የሚንጠለጠለው ደንበኛ ከዓመት ዓመት በረከተ። በሀገራችን ኢንተርኔት በ1997 በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት አገልግሎት ሲጀምር ይህ የዳር ችግር የሀገር ሁሉ ችግር ሆኖ ነው የመጣው፤ አገልግሎት ሰጪው አንድ ብቻ ስለ ነበር፣ በዚያ በኩል የተቋረጠበት ደንበኛ ወደ ሌላ ድርጅት ዞሮ ሊሄድ አይችልም ነበር። መንገድ በበዛበት ሀገር የተወለደ ትምህርት መንገድ ባነሰበት ሀገር የሚረዳው ጥቂት ነው፤ እዚህ የሚያድነው የስልክ ሰዎች ጥንቃቄ ነው።

ሲስኮ በ1993 ያወጣው 7000 የሚባለው ራውተርና በ1995 የተከተለው 7500 የሁለቱን ትምህርት ጋብቻ ከፈጸሙት መካከል ናቸው። መሐንዲሶቹ ኦ.አይ.አር. ብለው በሚጠሩት ሥርዓት መሠረት፣ የመስመር ካርድ ራውተሩ ሥራውን እየሠራ ሊነቀልና ሊተከል ይችል ነበር። የዚህ ምሥጢር ያለው በካርዱ ጀርባ ባሉት ጥቃቅን የብረት ፒኖች ቁመት ላይ ነው፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው። ፒኖቹ ሁሉ እኩል አይደሉም፤ በሦስት ደረጃ ቁመት የተከፈሉ ናቸው። ካርዱ ሲገባ ረጅሞቹ ቀድመው፣ መካከለኞቹ ቀጥለው፣ አጭሮቹ በመጨረሻ ይነካሉ፤ ሲወጣም አጭሮቹ ቀድመው ይለቃሉ። ራውተሩም ከዚህ ቅደም ተከተል የተነሣ እንግዳ እየመጣ መሆኑን ወይም ዘመድ ሊለይ መነሣቱን ያውቃል። በስልክ ጣቢያ ጠጋኙ በእጁ ያደርገው የነበረውን የማስጠንቀቂያ ምልክት እነሆ የብረቱ ቁመት ራሱ ወረሰው።

እንዲህ ያለው ቅደም ተከተል ያስፈለገበት የተፈጥሮ ምክንያት አለ። በካርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተር የሚባሉ ዕቃዎች አሉ፤ ባዶ ካርድ በሙሉ ኃይል ላይ በድንገት ሲሰካ እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚጠሙ የወል ሰሌዳውን ቮልት በቅጽበት ጎትተው ያወርዱታል፤ ቮልቱ በወረደ ጊዜም በደኅና ይሠሩ የነበሩት ጎረቤቶች እንደ አዲስ ይነሣሉ። ስለዚህ አስቀድሞ የመሬት መስመር መነካት አለበት፤ ኃይሉም ቀስ በቀስ እንዲገባ በካርዱ ደጃፍ ላይ የሚቆጣጠር ክፍል ይደረጋል፤ የመልእክት መስመሮቹ ኋላ ይመጣሉ። በ1998 ኮምፓክት ፒሲአይ ለሚባለው የሰሌዳ ዓይነት በወጣው የጋራ ደንብ ደግሞ በካርዱ ፊት ላይ ሰማያዊ መብራት ተጨመረ፤ ጠጋኙ የመንቀያውን እጀታ በጥቂቱ ሲከፍት ሶፍትዌሩ ይነቃል፣ ሥራውን ይሰበስባል፣ ሰማያዊውም መብራት ሲበራ ያን ጊዜ አውጣኝ ማለቱ ነው። በዚሁ በ1998 የመጀመሪያ ራውተሩን ያወጣው ጁኒፐር የተባለው ኩባንያም በመሣሪያዎቹ ላይ ልዩ ቁልፍ አደረገ፤ ያንን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ የካርዱ መብራት እስኪጠፋ መያዝ ከመንቀል በፊት የሚፈጸም ግዴታ ሆነ።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄው ወደ ብረቱ ሲሸጋገር ሰውየው ከጥንቃቄ አልተገላገለም፤ በአዲስ ጥንቃቄ ተለወጠበት እንጂ። የሲስኮ መመሪያ አንዱን ካርድ ነቅለህ ወይም ተክለህ ሌላውን ከመንካትህ በፊት ቢያንስ 15 ሰኮንድ ታገሥ ይላል፤ ራውተሩ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰሌዳውን መቃኘት፣ የወጣውን መዝግቦ መዝጋት፣ የገባውን ማንቃት አለበትና። የተካው ካርድ ከወጣው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ የቀድሞውን ኮንፊገሬሽን ወርሶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ አዲስ ዓይነት ከሆነ ግን መስመሮቹ ተዘግተው የባለሙያውን ፈቃድ ይጠብቃሉ። በ7500ዎቹ ላይ የመልእክቱ መጠን ጣሪያ የሚለይ አዲስ ዓይነት ካርድ ሲገባ ራውተሩ የጋራውን ማኅደረ ትውስታ እንደ ገና ሊያከፋፍል ይነሣል፤ በዚያችም ቅጽበት መስመሮቹ ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። ሳያቋርጡ መለወጥ ይቻላል ተብሎ በተነገረለት መሣሪያ ላይ ይህን ያላወቀ ወጣት ባለሙያ በሥራ ሰዓት አንድ ካርድ ከቶ ድርጅቱን ሁሉ ያስጮኻል። እንዲሁም ካርዱ በግማሽ ገብቶ ቢቀር የወል ሰሌዳው ሊታነቅ ስለሚችል፣ ግራና ቀኝ ያሉትን መቆለፊያ እጀታዎች ባንድነት፣ ሳይፈሩና ሳይደበድቡ፣ እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ከዚያም ብሎኑን ማጥበቅ ግድ ነው። መፍራትም መቸኮልም እኩል ጥፋት የሆኑበት ሌላ ሥራ ብዙ አላውቅም።

በዐይን የማይታየው ጠላት ደግሞ የሰው ገላ ራሱ ነው። ሰው በደረቅ አየር ምንጣፍ ላይ ሲራመድ ገላው ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይከማቻል፤ ሦስት ሺህ ቮልት ካልደረሰ አብዛኛው ሰው ጨርሶ አይሰማውም፤ በካርዱ ላይ ያሉት አንዳንድ ረቂቅ ብልቶች ግን ከመቶ በታች በሆነ ቮልት ይጎዳሉ። ክፋቱ ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ካርዱ ተተክሎ ይሠራል፣ ባለሙያውም ተመስገን ብሎ ይሄዳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ምክንያቱ በማይታወቅ ሁኔታ ይሞታል። የስትራውጀርን የብረት ክንድ ባዶ እጁን ያነሣ የነበረው ጠጋኝ ይህን ጭንቀት አያውቀውም ነበር። መድኃኒቱ በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ ሽቦው ከሣጥኑ ብረት ጋር የሚያያዝ ማሰሪያ ነው፤ በሽቦውም ውስጥ አንድ ሚሊዮን ኦም የሚያህል ማገጃ ይደረጋል፤ ይኸውም ክምችቱ ቀስ ብሎ ወደ መሬት እንዲወርድ፣ ሰውየውም በስሕተት ሕያው ሽቦ ቢነካ እንዳይገድለው ነው። መመሪያዎቹ የዚህን ማገጃ መጠን በየጊዜው መለካት፣ ከአንድ እስከ ዐሥር ሚሊዮን ኦም መካከል መሆኑንም ማረጋገጥ እንደሚገባ ያዛሉ፤ ካርዱ በጠርዙ ብቻ ይያዛል፤ የወጣውም ካርድ ቢበላሽም ባይበላሽም ወደ መከላከያ ከረጢቱ ይገባል። እንዳየሁት ከሆነ ከሥርዓቶች ሁሉ ፈጥኖ የሚተወው ይህ የማሰሪያ ሥርዓት ነው፤ የሚቀጣው ወዲያው ስላልሆነ።

ባለሙያዎች ሁሉ የሚፈሩት ነቀላውን ሲሆን፣ ታሪክ የመሰከረው ግን መመለሱም ከመውጣቱ ባልተናነሰ አደገኛ መሆኑን ነው። ጥር 15 ቀን 1990 በኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ የኤቲኤንድቲ፣ ማለትም የቀድሞው የቤል ቤት፣ የስልክ ጣቢያ ትንሽ ሕመም አግኝቶት ራሱን ለጥቂት ሰኮንዶች ከሥራ አገለለ፤ ሥርዓቱ እንደሚያዘውም ለጎረቤቶቹ አስታወቀ፤ እነርሱም ጥሪ መላክ አቆሙለት። እስከዚህ ድረስ ሁሉ መልካም ነበር። ተመልሶ ሲነሣና ጥሪ ሲልክ ግን፣ መመለሱን በመመዝገብ ላይ የነበረው ጎረቤት ሁለተኛው መልእክት በቅጽበት ሲደርስበት፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በገባው አዲስ ሶፍትዌር ውስጥ በስሕተት በተቀመጠች አንዲት ትእዛዝ ምክንያት ራሱ ወደቀ፤ እርሱም ሲነሣ ጎረቤቱን ጣለ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ 114ቱ ጣቢያዎች ዘጠኝ ሰዓት ያህል ሲወድቁና ሲነሡ ዋሉ። የአርባ ዓመቱን የሁለት ሰዓት ሕግ ያወጣው ቤት በአንድ ቀን ከአራት እጥፍ በላይ አጠፋው። ሁለተኛው መጠባበቂያ አእምሮም አላዳነም፤ ያው ሶፍትዌር በእርሱም ላይ ተጽፎ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ዋና ድካም ጎረቤቶች የአንዱን መውጣትና መግባት በእርጋታ እንዲቀበሉ ማስተማር ነው። የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል በ2001 ባወጣው በቁጥር 3137 ሰነድ፣ አንድ ራውተር ሌላ መንገድ እያለ በእኔ በኩል አትለፉ ብሎ ለጎረቤቶቹ የሚናገርበት ዘዴ ተገለጠ። በ2003 እና በ2007 የወጡት ሌሎች ሁለት ሰነዶች ደግሞ የራውተሩ አእምሮ ሲለወጥ የመልእክት ማሳለፉ ሥራ እንዲቀጥል፣ ጎረቤቶቹም ለተወሰነ ጊዜ እንደ ሞተ ሳይቈጥሩት እንዲታገሡት ሥርዓት ሠሩ፤ በ2018 ቁጥር 8326 የተባለው ሰነድ በድርጅትና በድርጅት መካከል የሚደረገውን ስንብት ደነገገ። እነዚህን ሰነዶች ላነበበ ሰው አዲስ ቃል ለብሰው የመጡት የስልክ ጠጋኙ ሥርዓቶች ናቸው፤ መስመሩ ተይዟል የሚለው ያ የድሮ ምልክት ከአንድ መራጭ ተነሥቶ እስከ ሙሉ ራውተር ደረሰ።

ስለ አዳራሹ ልማድ ጥቂት ልጨምር። ካርድ ወጥቶ ሌላ ካልተተካ ስሎቱ ክፍቱን አይተውም፤ ባዶ የብረት ክዳን ይደረግበታል፤ አለዚያ ማቀዝቀዣው አየር በዚያ ሾልኮ ሌሎቹ ካርዶች ይግላሉ። የማራገቢያው ክፍል ራሱ ሲለወጥ ደግሞ ተተኪው አስቀድሞ ከካርቶኑ ወጥቶ መዘጋጀት አለበት፤ ያለ ማራገቢያ የሚቆየው ራውተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሙቀት የተነሣ ራሱን ያጠፋልና። ወደ ፋይበር ገመድ ጫፍ በዐይን መመልከት አይገባም፤ ብርሃኑ ለዐይን ባይገለጥም ዐይን ያጠፋል። ከሁሉ በላይ ግን ጥፋት የሚበዛው በማሰሪያውም በፒኑም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ የአምስተኛው ስሎት ካርድ ታሞ የስድስተኛው ይነቀላል፤ ወይም ስሎቱ ከዜሮ ይቈጠር ከአንድ ሳይጠየቅ ይቀራል። ለዚህ ነው ነባር ባለሙያዎች ከመቆጣጠሪያው ክፍል ጋር በስልክ እየተነጋገሩ የካርዱን መብራት የሚያስጠቁሙት፣ ገመዱንም ሁሉ ከመንቀላቸው በፊት ስም ጽፈው የሚለጥፉበት።

ባለፉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት ደግሞ ታሪኩ ወደ ባራን ፊቱን መልሷል። ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ያሏቸው ኩባንያዎች በብዙ ካርድ የተሞላውን ውድ ሣጥን ትተው፣ ስሎት የሌላቸውን ዝርግ ትናንሽ ሣጥኖች በብዛት መደርደር ጀመሩ፤ ፌስቡክ በ2014 ዌጅ የተባለውን የራሱን ስዊች ንድፍ ይፋ ያደረገው በዚህ መንፈስ ነው። በእነዚህ አዳራሾች ባለሙያው ካርድ አይነቅልም፤ ሶፍትዌሩ በሣጥኑ ላይ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ወደ ጎረቤቶቹ ያዞርለታል፤ የመስመሩ ቆጣሪ ወደ ዜሮ መውረዱን ያያል፤ ከዚያም ሣጥኑን በሙሉ ነቅሎ ሌላ ያስገባል። ኃይል አቅራቢውና ማራገቢያው ብቻ እንደ ቀድሞው ሳይጠፋ ይለወጣሉ። በአገልግሎት ሰጪዎች ዳር ላይ፣ ብዙ ሺህ ደንበኛ በአንድ ሣጥን ላይ በሚንጠለጠልበት ስፍራ ግን ባለ ስሎቱ ትልቅ ራውተር ዛሬም ቆሟል፤ እዚያ የሚገባው ባለሙያ አንጓውን ያስራል፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያነባል፣ ጎረቤቶቹ መልእክታቸውን እስኪያዞሩ ይጠብቃል፣ እጀታዎቹንም ይከፍታል።